ፎቶውን ተዪው፣ መጀመሪያ ሳጥኑን እዪው

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ለአክስቴ ፔንሲዮን ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው፣ ባህር ዳር ነው ያለው። የመጀመሪያው ሴክሽን ጀርባ ላይ የጣና ታንኳ ፎቶ በሲኤስኤስ አስገባሁ። መጀመሪያ ጭራሽ አልታይ አለ። ሃይት 600 ፒክስል ስሰጠው መጣ። ላፕቶፕ ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ ግን ታንኳው ይጠፋና ውሃ ብቻ ይቀራል። ርዕሱም አይነበብም። ፎቶው ይደብዝዝ ብዬ ኦፓሲቲ ስቀንስ ጽሑፉም አብሮ ደበዘዘ። ይባስ ብሎ ሆስቲንግ ላይ ስጭነው ፎቶው የለም። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

እህቴ፣ ብዙ ችግር ያለብሽ ይመስላል እንጂ ግማሹ አንድ ነገር ነው። በሲኤስኤስ ከጀርባ የሚገባ ፎቶ እንደ ግድግዳ ወረቀት ነው። ወረቀት ግድግዳ አያቆምም። መጀመሪያ ግድግዳው ይቆማል፣ ወረቀቱ በግድግዳው ልክ ይለጠፋል፣ የተረፈው ይቆረጣል። ስለዚህ ፎቶው እንቢ ባለሽ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቂው «ሳጥኔ አሁን ስንት በስንት ነው?» ብለሽ ነው። ሁለቱ የሲኤስኤስ ጥያቄዎችሽ በዚህ ይፈታሉ። (የፕሮፐርቲዎቹን ስም በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው፣ ኮድሽ ላይ ያው በእንግሊዝኛ ታስገቢያቸዋለሽ።)

መጀመሪያ ያልታየው ሴክሽኑ ባዶ ስለነበረ ነው። ጽሑፍም ፓዲንግም (የውስጥ ክፍተት) የሌለው ዲቭ፣ ማለትም ባዶ የኤችቲኤምኤል ሳጥን፣ ቁመቱ ዜሮ ነው። ፎቶሽ 3000 ፒክስል ቁመት ቢኖረውም ለሳጥኑ አንዲት ፒክስል አይሰጠውም። የኢሜጅ ታግ እንደዚያ አይደለም፣ የራሱን ቦታ ይዞ ነው የሚመጣው። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ነው ግራ የሚገባው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሴክሽኑ የተጻፈበትን መስመር በኢንስፔክት (ገጹን በቀኝ ጠቅ ስታደርጊ የምታገኚው የብሮውዘሩ መመርመሪያ) አግኚውና ማውሱን አሳርፊበት፣ ብሮውዘሩ ስፋቱንና ቁመቱን በቁጥር ያሳይሻል። ቁመቱ 0 ካለ ፎቶሽ ጤነኛ ነው።

600 ስትሰጪው መጣ፣ ጥሩ። ግን ሃይቱን እንዲህ አትተዪው። ላፕቶፕ ላይ አንድ መስመር የነበረው ርዕስ 360 ፒክስል ስፋት ያለው ስልክ ላይ አራት መስመር ይሆናል፣ ከሥሩ ማብራሪያው አለ፣ ከዚያ «ክፍል ይያዙ» የሚለው በተን አለ፣ ሰውየው ደግሞ የስልኩን ፊደል አተልቆት ሊሆን ይችላል (እናቶቻችን እንዲያ ነው የሚያደርጉት)፣ ይሄ ሁሉ ሲደመር 600ን ያልፍና ጽሑፉ ከሳጥኑ ወጥቶ የሚቀጥለው ሴክሽን ላይ ይፈሳል። በሃይት ፋንታ «ሚን-ሃይት» ጻፊ። «ቢያንስ ይሄን ያህል ሁን፣ ካስፈለገህ እደግ» ማለት ነው። ከላይና ከታች ደህና ፓዲንግ ጨምሪበት።

ስክሪኑን ይሙላ የምትዪ ከሆነ ብዙ ሰው «ሚን-ሃይት፦ 100 ቪኤች» ነው የሚጽፈው (1 ቪኤች የስክሪኑ ቁመት አንድ መቶኛ ነው)። ስልክ ላይ ግን የአድራሻ መጻፊያው አሞሌ ቦታ ስለሚይዝ 100 ቪኤች ከሚታየው ይረዝምና በተንሽ ከስክሪኑ በታች ይቀራል። «ኤስቪኤች» የመጣው ለዚህ ነው፣ አሞሌው ባለበት ጊዜ የሚታየውን ቁመት ብቻ ይቆጥራል። ሳፋሪም ፋየርፎክስም ክሮምም በ2022 እ.ኤ.አ. ተቀብለውታል። ለአሮጌ ስልክ ብለሽ መጀመሪያ የቪኤቹን መስመር፣ ከሥሩ የኤስቪኤቹን ጻፊ። የማያውቀው ብሮውዘር ሁለተኛውን ዘሎት ያልፋል። እኔን ከጠየቅሽኝ 100 አያስፈልግሽም። 75 ኤስቪኤች አድርጊው፣ የሚቀጥለው ሴክሽን ጫፉ ብቅ ይላል፣ ሰውም ወደ ታች መውረድ እንዳለበት ያውቃል።

ሆስቲንግ ላይ የጠፋው ግን ከሳጥኑ ጋር አይገናኝም። እሱ የአድራሻ ጉዳይ ነው።

በጣም የተለመደው የካፒታል ነገር ነው። ካሜራና አንዳንድ ስልክ የፋይሉን ስም መጨረሻ (ጄፒጂ የሚለውን) በካፒታል ነው የሚጽፉት፣ አንቺ ኮዱ ላይ በትንሹ ፊደል ትጽፊዋለሽ፣ ዊንዶውስ ዝም ብሎ ያሳልፍሻል። ሆስቲንጉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ ሁለት የተለያየ ፋይል ነው የሚያየው፣ ስለዚህ 404 (ፋይሉ አልተገኘም) ይልሻል። የፎቶዎችሽን ስም በሙሉ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ አድርጊና ይሄን ራስ ምታት ተገላገይው። በአማርኛ መሰየምም ይቻላል፣ ግን ፋይሎቹ ዚፕ ተደርገው ሲፈቱ ስሙ አንዳንዴ ወደ እንግዳ ምልክት ይቀየራል፣ ምን አስጨነቀሽ።

ሁለተኛው፣ በዩአርኤል ቅንፍ ውስጥ የምትጽፊው አድራሻ የሚቆጠረው ሲኤስኤስ ፋይሉ ካለበት ቦታ ተነስቶ ነው እንጂ ገጹ ካለበት አይደለም። ሲኤስኤሱ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ከሆነና ፎቶዎቹ ሌላ ፎልደር ውስጥ ካሉ፣ በሁለት ነጥብና በስላሽ (../) መጀመሪያ አንድ ደረጃ መውጣት አለብሽ። ያንኑ አድራሻ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ በስታይል አትሪቢዩት ካስገባሽው ደግሞ የሚቆጠረው ከገጹ ነው። ለዚህ ነው አንዱ ጋ የሠራው ኮፒ ተደርጎ ሌላው ጋ ሲለጠፍ የሚሞተው። በስላሽ የሚጀምር አድራሻ ደግሞ ከዶሜይኑ ሥር ነው የሚነሳው። ድረ ገጹን ሆስቲንጉ ላይ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ከጫንሽው ይስታል። ከሲ ድራይቭ የሚጀምር አድራሻ ከሆነ ግን ያ ያለው ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ ማንም አያገኘውም።

የትኛው እንደሆነ ከመገመት እዚያው ኢንስፔክት ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ታብ ክፈችና ገጹን በኮንትሮል፣ ሺፍትና አር ሪፍሬሽ አድርጊው፣ አሮጌው ካሽ (ብሮውዘሩ ያስቀመጠው ቅጂ) እንዳያታልልሽ። ፎቶው በቀይ 404 ብሎ ከመጣ ጠቅ አድርጊው፣ ብሮውዘሩ የጠየቀውን ሙሉ አድራሻ ታያለሽ፣ ከእውነተኛው ጋር ፊደል በፊደል አስተያይው። 200 (ተገኝቷል) ካለና ካልታየ ፎቶው ደርሷል፣ ጥፋቱ ሳጥኑ ጋ ነው ወይም ሌላ ነገር ላዩ ላይ ተኝቷል። ጭራሽ የፎቶው ስም እዚያ ከሌለ ደግሞ ብሮውዘሩ አልጠየቀውም ማለት ነው። ወይ ሲኤስኤስ ፋይሉ ራሱ አልተጫነም፣ ወይ የክላሱ ስም ተሳስቷል፣ ወይ መስመሩ ስህተት ስላለበት ጥሎታል።

መስመር መጣል ስል፣ «ባክግራውንድ» በሚለው አጭሩ ጽሕፈት ሁሉንም ባንዴ ስትጽፊ ከቨር (ፎቶው ሳጥኑን እንዲሞላ የሚያደርገው) ለብቻው አይገባም። መጀመሪያ ፖዚሽኑ፣ ከዚያ ስላሽ፣ ከዚያ ከቨር ነው። «ሴንተር / ከቨር»። ፖዚሽኑንና ስላሹን ከረሳሽ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል፣ ፎቶውም አብሮ። ሌላው አሽሙረኛ ነገር፣ ባክግራውንድ-ሳይዝን ከላይ ጽፈሽ ከሥሩ አጭሩን ባክግራውንድ ከጻፍሽ፣ አጭሩ ያልጠቀስሽለትን ሁሉ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ከቨርሽ ይጠፋና ፎቶው በመጠኑ ልክ ተነጥፎ፣ ካልበቃም እየተደጋገመ ይመጣል። እስክትለምጂው ድረስ ረጅሞቹን በየመስመሩ ጻፊ።

አሁን ወደ ታንኳው። ከቨር እየተጠቀምሽ ነው ብዬ ነው የማስበው፣ ትክክልም ነሽ። ከቨር ፎቶውን ሳያጣምም ሳጥኑ እስኪሞላ ድረስ ያሳድገዋል ወይ ያሳንሰዋል፣ የተረፈውን ይቆርጣል። ኮንቴይን አይቆርጥም፣ ግን ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ኖ-ሪፒት ካላልሽው ደግሞ ባዶውን ፎቶውን እየደገመ ይሞላዋል። ለሎጎ ይሆናል፣ ለጣና አይሆንም። «100% 100%» የሚለውን የሚመክርሽ ካለ አትስሚው፣ ታንኳውን እንደ ሙጫ ይለጥጠዋል።

ስልኩ ላይ ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው። ፎቶሽ 1600 በ900 ነው እንበል፣ ስልኩ ላይ ሳጥኑ 360 በ640። ከቨር ቁመቱን ለመሙላት 900ውን ወደ 640 ያወርደዋል። ስፋቱም በዚያው ልክ ወርዶ 1138 ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የሚታየው 360 ብቻ ነው፣ 778ቱ ይቆረጣል። ከፎቶው ሁለት ሦስተኛ በላይ ሄደ ማለት ነው! ፖዚሽኑ ሴንተር ከሆነ ከግራ 389፣ ከቀኝ 389 ይቆረጣል፣ ስለዚህ የሚታየው ከ389 እስከ 749 ያለው ነው። ታንኳው ከፎቶው ግራ ጠርዝ 78% ላይ ከሆነ፣ ካነሰው ፎቶ ላይ 888ኛው ፒክስል ጋ ነው ያለው። ከሚታየው ውጭ። ውሃ ብቻ የቀረሽ በዚህ ሂሳብ ነው።

«ባክግራውንድ-ፖዚሽን፦ 78% 50%» በዪው። እዚህ ላይ 78% ማለት «ፎቶውን 78% ግፋው» ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የፎቶውን 78%ኛ ነጥብ ከሳጥኑ 78%ኛ ነጥብ ጋር አግጥመው ማለት ነው። ስለዚህ ትርፍ ከሆነው 778 ውስጥ 78%ቱ፣ ማለትም 607ቱ፣ ከግራ ይቆረጣል፣ ከ607 እስከ 967 ያለው ይታያል፣ ታንኳውም ስልኩ ላይ 281ኛው ፒክስል ጋ ብቅ ይላል። ደስ የሚለው ላፕቶፕ ላይ ምንም አያበላሽም። ሳጥኑ 1366 በ600 ቢሆን ፎቶው ስፋቱን በትክክል ይሞላል፣ በጎን ትርፍ የለውም፣ ትርፍ ከሌለ ደግሞ 78ቱ የሚገፋው ነገር የለም። እዚያ የሚሠራው ሁለተኛው ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም የሚቆረጠው ከላይና ከታች ነው። ታንኳው ወደ ታች ያዘነበለ ከሆነ 50ውን 70 አድርጊው። እኔ ፎቶ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማደርገው ይሄን ነው፣ ዋናው ነገር በስንት በመቶ ጋ እንዳለ ማየት።

ታንኳው ረጅም ሆኖ 360 ውስጥ ካልገባስ? ያኔ ለስልክ የቆመ፣ ለላፕቶፕ የተኛ፣ ሁለት ፎቶ ቁረጪ። የስልኩን መነሻ አድርገሽ ጻፊው፣ ከ768 ፒክስል በላይ ለሆነ ስክሪን ደግሞ በሚዲያ ኩየሪ (በስክሪኑ ስፋት የሚወሰን የሲኤስኤስ ደንብ) ሌላውን አስገቢ። ብሮውዘሩ በዚያ ስክሪን የማይሠራውን ፎቶ አያወርደውም።

ኦፓሲቲ። ጽሑፉም የደበዘዘው ኦፓሲቲ ሳጥኑን ከነልጆቹ አንድ ላይ ስለሚይዝ ነው። ርዕሱ ላይ ኦፓሲቲ 1 ብትዪም አይመለስም። ኦፓሲቲውን ሰርዢውና በፎቶው ላይ ጥቁር መጋረጃ ጣዪበት፣ ለዚያ ደግሞ ተጨማሪ ዲቭ አያስፈልግሽም። ባክግራውንድ-ኢሜጅ በኮማ እየተለየ ከአንድ በላይ ሥዕል ይቀበላል። መጀመሪያ ሊኒየር-ግራዲየንት ጻፊ፣ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አርጂቢኤ 0, 0, 0, 0.55 ይሁን (የመጨረሻው ቁጥር መጋረጃው ምን ያህል ድፍን እንደሆነ ነው)። ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ የፎቶው ዩአርኤል። ቅደም ተከተሉን አትሳቺ፣ መጀመሪያ የተጻፈው ነው ከላይ የሚሆነው። ከገለበጥሽው ፎቶው መጋረጃውን ይሸፍነዋል፣ ምንም ለውጥ አታዪም፣ ከዚያ «ግራዲየንት አይሠራም» ትያለሽ።

ለምን 0.55? የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ መጠን ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ንጽጽር ይጠይቃል፣ ለትልቅ ርዕስ 3 ለ1 ይበቃል። ፎቶሽ ላይ በጣም ብሩህ የሆነ ቦታ፣ እንበል ነጭ ደመና፣ ካለና ነጭ ጽሑፍ እዚያ ላይ ካረፈ፣ 0.5 መጋረጃ 3.95 ገደማ ነው የሚሰጥሽ፣ ለትንሹ ጽሑፍ አይበቃም። 0.55 ስታደርጊው 4.7 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ከሥሩ ምንም ዓይነት ፎቶ ቢመጣ፣ አክስትሽ ነገ ፎቶውን ብትቀይረው እንኳ፣ ነጩ ጽሑፍ ይነበባል። ፎቶው ጨለመብኝ ካልሽ ግራዲየንቱን ከግራ ወደ ቀኝ አድርጊው። ጽሑፉ ባለበት በግራ በኩል እስከ ግማሽ ድረስ 0.55፣ ከዚያ ታንኳው ወዳለበት ወደ ቀኝ እየቀነሰ 0። ስልክ ላይ ግን ጽሑፉ ሙሉውን ስፋት ስለሚይዝ እኩል የሆነው መጋረጃ ይሻላል።

ለአማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛው የበለጠ መጠንቀቅ አለብሽ። ሱና ሲ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፣ የጣና ሞገድ ሲደመርበት ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ስስ ፊደል አትጠቀሚ፣ ሚዲየም ወይም ቦልድ አድርጊው፣ የመስመሩን ከፍታም ወደ 1.6 አድርሺው። ቴክስት-ሻዶው ብቻውን አያድንሽም፣ ብዙ ሲጨመር ደግሞ ፊደሉን ያቆሽሸዋል።

አንድ መስመር ደግሞ አትርሺ፣ «ባክግራውንድ-ከለር»። እንደ ጣና ጥልቅ ሰማያዊ ያለ ጨለም ያለ ቀለም ስጪው፣ አርጂቢ 20, 45, 60 ጥሩ ነው። ቀለሙ ሁልጊዜ ከሁሉም ሥር ነው የሚነጠፈው። ኔትወርክ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ፎቶው እስኪደርስ ነጩ ጽሑፍሽ ነጭ ገጽ ላይ ከሚጠፋ እዚያ ቀለም ላይ ይነበባል። ፎቶው ጭራሽ ባይመጣም ገጹ ሰው ይመስላል።

ስለ ኔትወርክ ካነሳን፣ ፎቶውን ከስልክ እንደወረደ ነው የጫንሽው? ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ነው፣ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል። በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ያ ገንዘብ ነው፣ ጥቅሉን ለአንድ ታንኳ እንዲጨርስ አታድርጊው። ለላፕቶፕ ስፋቱን 1920 ፒክስል፣ ለስልኩ ደግሞ የቆመውን ስፋቱን 800 አካባቢ አድርገሽ በዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት) አስቀምጪው። ስኩሽ የሚባለው የጉግል መሣሪያ ብሮውዘር ላይ ሆኖ ይሠራልሻል፣ ጥራቱን ስታወርጂ ልዩነቱን ጎን ለጎን ያሳይሻል። አንድ ብልሃት ልንገርሽ፦ ላዩ ላይ 0.55 መጋረጃ ስለሚጣል የጥራቱ መቀነስ እምብዛም አይታይም፣ ስለዚህ ለብቻው ሲታይ ከሚያስችልሽ በላይ ጨምቂው።

ፎቶው ከቀነሰ በኋላም ዘግይቶ ከመጣ ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ብሮውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን ሲያነብ ኢሜጅ ታጎችን ቀድሞ ያያል፣ የጀርባውን ፎቶ ግን ሲኤስኤሱን አውርዶ አንብቦ፣ ክላሱ የማን እንደሆነ እስኪያውቅ ድረስ አያውቀውም። ጉግል ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈልጋል፣ አንቺ ጋ ትልቁ ነገር ይሄ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ሄድ ውስጥ በሊንክ ታግ ፕሪሎድ አድርጊው (ቀድሞ እንዲወርድ)፣ ፌች-ፕራዮሪቲውንም ሃይ በዪው። ሁለት ፎቶ ካለሽ ለሁለቱም የየራሳቸውን ሚዲያ መጻፍ አትርሺ፣ አለበለዚያ ስልኩ ሁለቱንም ያወርዳል።

ያልጠየቅሽውን ልጨምር፣ ምክንያቱም ቀጥለሽ የምትሠሪው እሱን መሆኑ አይቀርም። የክፍሎቹን ፎቶ በዚህ መንገድ እንዳታስገቢ። ታንኳው ጌጥ ነው፣ ባይኖርም ገጹ ትርጉም አለው። የአልጋው፣ የሻወሩ፣ የበረንዳው ፎቶ ግን ዕቃው ራሱ ነው፣ እንግዳው የሚከፍለው እሱን አይቶ ነው። የጀርባ ፎቶ ኦልት (ፎቶውን በቃላት የሚገልጽ ጽሑፍ) የለውም፣ ማየት ለተሳነው ሰው ስክሪን ሪደሩ ምንም ሳይል ያልፈዋል። ጉግል በምስል ፍለጋው አይመዘግበውም። ሎዲንግ ሌዚ የሚለውም (ሰው ወደ ፎቶው እስኪጠጋ ማውረዱን የሚያዘገየው) አይሠራለትም፣ ስለዚህ 12 ክፍል ካለ ብሮውዘሩ ፎቶዎቹን ገና ከመጀመሪያው ሊያወርዳቸው ይችላል። ሰው ከጀርባ የሚያስገባው ለከቨር ብሎ ከሆነ፣ ኢሜጅ ታግም የራሱ አለው፦ «ኦብጀክት-ፊት፦ ከቨር»፣ ከሱ ጋር ኦብጀክት-ፖዚሽን፣ የላይኛው የ78% ሂሳብ እዚያም እንዳለ ይሠራል። ስፋትና ቁመት ስጪው፣ ኦልቱ ላይ «ባለ ሁለት አልጋ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ» ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ።

«ፊክስድ» የሚባለውን፣ ገጹ ሲወርድ ፎቶው ቆሞ የሚቀረውን፣ የሆነ ቦታ አይተሽ ይጎመጅሽ ይሆናል። አይፎን ላይ በትክክል አይሠራም፣ ሌላው ጋም ፎቶውን የሚለካው በሳጥንሽ ሳይሆን በስክሪኑ ልክ ስለሆነ የሠራሽውን ፖዚሽን ያበላሽብሻል። ተዪው።

እነዚህን አስተካክለሽ ሆስቲንጉ ላይ አሁንም ካልመጣ፣ ኔትወርክ ታቡ ከፎቶው ስም አጠገብ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ሲኤስኤስ ፋይሉ ያለበትን ፎልደርና የዩአርኤሉን መስመር እንዳለ ኮፒ አድርገሽ ላኪልኝ።